የእትዬ ፍሬን ቀኝ እግር

እህቴ ሰው መኪና መንዳት ማስተማር ከጀመረች አስራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ይሄን ሁሉ ዓመት የተቀመጠችው ግን መሪው ጋ ሳይሆን ጎን ባለው ወንበር ላይ ነው። የማሰልጠኛ መኪና ከሌላ መኪና የሚለየው እዚያ ጋ ነው፤ ከአስተማሪዋ እግር ስር ሁለተኛ የፍሬን ፔዳል አለ። ተማሪው ሲደነብር ወይም ግራና ቀኙ ሲጠፋው እሷ ረግጣ ታቆማለች። ተማሪዎቿ ፊት ለፊት «ቲቸር» ይሏታል፤ ዞር ስትል «እትዬ ፍሬን» ናት። እኔ ታናሿ ስለሆንኩ «እታለም» እላታለሁ። ሲከፋኝ ግን እኔም ከተማሪዎቹ ጋር እሰለፋለሁ።

ቶሎ ነው የሚከፋኝ፤ ምን እደብቃለሁ። መካኒክ ነኝ፣ ትዕግስት አልተፈጠረብኝም። ጋራዤ ከማሰልጠኛው ግቢ ማዶ ስለሆነ የአስተማሪዎቹን ሁሉ መኪና የምጠግነው እኔ ነኝ። ሌሎቹ የፍሬን ሸራ በዓመት አንዴ ቢያስቀይሩ ነው። የእሷ በየሦስት ወሩ ያልቃል። «ሸራውን ቁርስ ታደርጊዋለሽ እንዴ?» እላታለሁ። «ተማሪዎቼ ናቸው የሚጨርሱት፤ ምን ላድርጋቸው?» ትለኛለች። እኔም ከነመካኒክነቴ አምኛት ኖርኩ።

ነገሩ የበራልኝ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ፔዳል ላይ እግር እንዳያንሸራትት የሚጠለቅ ጥቁር ላስቲክ አለ። ለማሰልጠኛ መኪና በጥንድ ነው የሚሸጠው፤ ሰፋ ያለው ለተማሪው ፔዳል፣ ጠበብ ያለው ለአስተማሪው። የእታለም እየተበላ ብረቱ ስለሚታይ እሱን እቀይርና የተረፈውን ሰፊውን መደርደሪያ ላይ ባለች የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ እወረውረዋለሁ። የዚያን ቀን ቆርቆሮዋ አልከደንም አለችኝ። ተናድጄ ጠረጴዛው ላይ ገለበጥኳት። ሰባት ላስቲክ ወጣ፤ ሰባቱም ከነማሸጊያቸው፣ ሰባቱም የተማሪው።

ወደ መኪናዋ ሄጄ በሹፌሩ በኩል ጎንበስ ብዬ አየሁ። ፔዳሉ ላይ ያለው ላስቲክ መኪናዋ አዲስ ስትመጣ የነበረው ነው፤ ሸንተረሮቹ እንኳ አልጠፉም። በዚያች መኪና ከሦስት መቶ ሰው በላይ ተምሯል። አንዱም በቅጡ ፍሬን ረግጦ አያውቅም ማለት ነው። ሁሉንም ስታቆማቸው የኖረችው እሷ ናት።

ምሳ ሰዓት ላይ ላስቲኮቹን በኪሴ ይዤ ቤቷ ሄድኩ። ሐሳቤ ልቀልድባት ነበር፤ የምለውን ሁሉ መንገድ ላይ አዘጋጅቻለሁ። በሩን ስትከፍትልኝ ግን ፊቷ ልክ አልነበረም። የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አንድ ወረቀት ተዘርግቷል። የማሰልጠኛው ባለቤት ጠዋት አስጠርቷት ነበር። ካለፉት ሃያ ተማሪዎቿ አስራ አራቱ የመንጃ ፈቃድ ፈተና ወድቀዋል፤ የወደቁትም አንድ ቦታ ላይ ነው። የመቆሚያውን መስመር ሳይቆሙ ያልፉታል። በፈተና ቀን ጎናቸው የሚቀመጠው ፈታኙ ነው፤ ፈታኝ ደግሞ ይጽፋል እንጂ ፍሬን አይረግጥላቸውም።

«ሦስት ወር ሰጥቶኛል» አለች። «እስከዚያ ካልተሻሻለ ምዝገባው መስኮት ላይ ተቀምጬ ፎርም አድላለሁ።»

ላስቲኮቹን አውጥቼ አንድ በአንድ ወረቀቱ ላይ ደረደርኳቸው። መጀመሪያ አልገባትም፤ ከዚያ ገባት። እህቴ አባታችን ያረፈ ሰሞን እንኳ እኛን ስታጽናና እንባዋን ያላሳየች ሴት ናት። ያን ቀን ግን በሰባት ቁራጭ ላስቲክ ፊት አለቀሰች። ያዘጋጀሁት ቀልድ የት እንደገባ አላውቅም።

«ያስተማርኳቸው መስሎኝ ነበር» አለች።

ላስቲኮቹን ሰብስቤ ወደ ቆርቆሮዋ መለስኳቸው። ከዚያ አንድ ሳምንት ለብቻዋ ታገለች። ጠዋት «ዛሬ አልረግጥም» ብላ ትወጣለች፤ ማታ ረግጣ ትመለሳለች። «እግሬ እኮ አይሰማኝም፤ እኔ ሳላዘው ይሄዳል» ትለኛለች። ሰው በምን እንደሚታከም ማወቅ የእኔ ሥራ አይደለም። መኪና ሲሆን ግን ጩኸቱን ትቼ ምንጩን መፈለግ ልማዴ ነው።

«እታለም፣ አንቺ ራስሽ ለመጨረሻ ጊዜ የነዳሽው መቼ ነው?» አልኳት።

«በየቀኑ ነዋ» አለች። ማሰብ ጀመረች። ሥራ የምትሄደው በታክሲ ነው። መኪናዋን ከግቢ የሚያወጡትም የሚያስገቡትም ተማሪዎች ናቸው። ዘመድ ጥየቃ ሲኖርባት እኔ አደርሳታለሁ። በጣቷ መቁጠር ጀመረች፤ ዘጠኝ ላይ ስትደርስ እጇን አጠፈች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መሪ አልጨበጠችም። መኪና የማያምን ሰው መኪና የሚነዳውን ሰው እንዴት ብሎ ያምናል? በዚያች ደቂቃ ምን እንደማደርግ አወቅሁ።

ከደንበኞቼ አንዱ የጥርስ ሐኪም ነው። በወር አንድ ቅዳሜ ቀይ መኪናውን ይዞ ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለው የመኪና መም ይሄዳል፤ እኔም ጎማና ፍሬኑን አይለታለሁ። በዚያ ቀን መሙ ለማንም ክፍት ነው። ውድድር አይደለም፤ አንደኛ የለም፣ ዋንጫ የለም። የባንክ ሠራተኛው፣ ነጋዴው፣ ጡረተኛው የየራሱን መኪና ይዞ ይመጣና ከፊት የሚመጣ መኪና፣ መንገድ የሚያቋርጥ ሰው በሌለበት አነዳዱን ያሻሽላል። እታለምን በእኔ አሮጌ ሰማያዊ መኪና ልወስዳት ወሰንኩ። የእኔ መኪና ያላት ፍሬን አንድ ብቻ ነው።

«እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ማን ሊያስተምረኝ ነው?» ብላ ተቆጣች። ቅዳሜ ጠዋት ግን ስደርስ ቀድማኝ በር ላይ ቆማለች፤ የሚያውቃት ሰው ቢኖር ብላ ደህናውን ባለተረከዝ ጫማዋን ተጫምታ።

መሙ ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ይሆናል፤ ዘጠኝ ኩርባ አለው። ከረጅሙ ቀጥታ መጨረሻ ላይ ያለው እንደ ታጠፈ ጉልበት ስለሆነ «ጉልበት» ይሉታል፤ ዳሩን አሮጌ ጎማ ተደርድሮበታል። ለጀማሪዎች በቆርቆሮ ጣሪያው ጥላ ስር ገለጻ ይሰጣል። እታለም ገለጻውን አልሰማችም። ለተማሪዎቿ እንደምታስተምረው መኪናዋን እየዞረች ጎማ ስትነካ፣ መብራት ስታበራ፣ ዘይት ስትለካ ነበር። ጎህ ሲቀድ ተነስቼ እኔ ራሴ የመረመርኳትን መኪና። እንደ መካኒክ ተሰደብኩ፤ እንደ ወንድም ዋጥኩት።

የመሙ አሰልጣኝ ጡረታ የወጡ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር ናቸው። አጭር፣ ፂማቸው የሸበተ፣ ነገር የማያበዙ ሰው። ከአፋቸው «መስመርሽን ያዢ፣ መስመርህን ያዝ» ስለማይጠፋ ሁሉም «አባ መስመር» ይላቸዋል። ሄልሜታቸውን አጥልቀው ከእታለም ጎን ሲገቡ የእሷ ዓይን ቀድሞ የሄደው እግራቸው ስር ነው።

«እርስዎ ጋ ፍሬን የለም» አለቻቸው።

«የለም።»

«ታዲያ ነገር ቢበላሽ ምን ያደርጋሉ?»

«እጄ ላይ እቀመጣለሁ» አሏትና ሁለት መዳፋቸውን እውነትም ከጭናቸው ስር ከተቱ።

ወጡ። ከገለጻው ያመለጣት አንድ ሕግ ነበር። መሙ ላይ ፍሬቻ የሚበራው ለመታጠፍ አይደለም፤ ከኋላ ለመጣው ፈጣን መኪና «በዚህ በኩል እለፈኝ» ለማለት ነው። እታለም ደግሞ አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «ከመታጠፍ በፊት ፍሬቻ» ስትል የኖረች ናት። ዘጠኙም ኩርባ ላይ ሳታዛንፍ አበራች። ሰዉ ምን ያድርግ፣ ያልፋታል። በሁለት ዙር አስራ አንድ መኪና አለፋት። ሁሉም እያለፉ እጃቸውን አንስተው ያመሰግኗታል፤ እሷም እንዴት ያሉ ጨዋ ሰዎች ናቸው ብላ መልሳ ሰላም ትላለች። እኔ አጥሩ ጋ ቆሜ ሳቄን በኮፍያዬ አፈንኩ። አባ መስመር እጃቸው ላይ እንደተቀመጡ አንዲት ቃል አልተነፈሱም።

ሲመለሱ ነው የነገሯት። «ልጄ፣ ሰው አክባሪ ነሽ። ያላሳለፍሽው የለም» ብለው ሕጉን አስረዷት። እታለም ጆሮዋ ድረስ ቀላች። ዓይኗ እኔን ሲፈልግ ከመኪና ጀርባ ተሸሸግሁ።

ቀጥሎ እሳቸው ነዱ፣ እሷ ጎን ተቀመጠች። ያኔ ነው የባሰው። ከአጥሩ ሆኜ እንኳ ጉልበቷ ከመስኮቱ ጠርዝ በላይ ሲዘልና ሲወርድ ይታየኝ ነበር። የሌለ ፍሬን ስትረግጥ፣ ወለሉን ስትወቅጥ ሦስት ዙር ሄዱ። መኪናዋ ስትቆም አባ መስመር በመስኮት እጃቸውን አውጥተው የተነቀለ የሴት ጫማ ተረከዝ አቀበሉኝ። «ይሄ የመኪናዋ አይመስለኝም» አሉ።

ከመሄዳችን በፊት አባ መስመር ለብቻዋ ይዘዋት ቆሙ። አነዳዷ ጥፋት የለበትም አሏት። እጇ ልስልስ ነው፤ ማርሽ አቀያየሯ ያምራል። ዓይኗ ግን ከመኪናዋ አፍንጫ አያልፍም፤ ሁልጊዜ ቅርቡን አደጋ ነው የሚፈልገው። «ጉልበት» ለመድረስ ሁለት መቶ ሜትር ሲቀራት ፍሬን ትይዛለች፤ ኩርባው ጋ ስትደርስ መኪናዋ ልትቆም ምንም አይቀራት። ከዚያ የቤት ሥራ ሰጧት። በየቀኑ ታክሲ ስትይዝ ጋቢና ትቀመጥ፣ ቀኝ እግሯን ወለሉ ላይ አሳርፋ እስክትወርድ አታንቀሳቅሰው፣ ካንቀሳቀሰችው ትቁጠር።

ስቄባት ነበር። እሷ ግን ነገር ከያዘች የያዘች ናት። የመጀመሪያው ቀን ጋራዥ መጥታ «ሠላሳ አንድ» አለችኝ። በሳምንቱ አስራ ስምንት። ሁለተኛው የመም ቀን ዋዜማ አራት ላይ ደረሰች። የታክሲ ሹፌሮቹም ለመዷት፤ አንዱ ሲያያት «እመቤት፣ ዛሬ ስንት ጊዜ አቆሙኝ?» ይላታል አሉ።

ሁለተኛው ቀን ላይ እኔም ሄልሜት አጥልቄ የኋላ ወንበር ላይ ገባሁ። ሞተሯ ላይ የጠረጠርኩት ድምፅ ስለነበረ ነው። አባ መስመር እንደተለመደው ከፊት፣ እጃቸው ላይ። እታለም በዚህ ቀን ሌላ ሰው ነበረች። ዓይኗን አርቃ ትጥላለች፤ ከውጪ ገብታ፣ የኩርባውን ውስጥ ዳር ነክታ፣ ወደ ውጪ ትወጣለች። ፍሬን የምትይዘው መቶ ሃምሳ ሜትር ሲቀራት ነው። ኮራሁባት። እዚያው ልነግራት አፌን ስከፍት «ጉልበት» ደረሰ።

መግቢያው ላይ ሁሉን አሳመረችው። ኩርባው መሃል ላይ ግን ያ የጎማ ድርድር ዓይኗ ውስጥ ገባና ቀኝ እግሯ የጥንቱን ሆነ። ረገጠች። የመኪናዋ ኋላ ተንሸራተተ፤ መሙና ሳሩ ቦታ ተለዋወጡብኝ። አንዴ ተኩል ዞረን ሳሩ ላይ በመጣንበት አቅጣጫ ፊታችንን አዙረን ቆምን። ዳር የተደረደሩት ጎማዎች ገና ሩቅ ነበሩ። አቧራው ቀስ ብሎ ወረደ። የአባ መስመር እጆች ካሉበት ንቅንቅ አላሉም።

«ደህና ነን?» አሉ።

«ደህና ነን።»

«ምን አዞረን?»

«ፍጥነት» አለች እታለም፣ ድምጿ ደርቆ።

«አይደለም። መኪናዋ መስመሯን ይዛ እየዞረች ነበር። መሃል ላይ ረገጥሽባት። ያዞረን ፍሬኑ ነው።»

እታለም መሪውን እንደያዘች አንገቷን ደፋች። ልታለቅስ ነው ብዬ ፈራሁ። ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ለካስ እየሳቀች ነው። አስራ ዘጠኝ ዓመት ፍሬን ሰው ያድናል እንጂ ሰው ይጎዳል ብላ አስባ አታውቅም። ሳሩ ላይ ተቀምጣ፣ ሄልሜቷ ውስጥ፣ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ የእኔ ግን የድንጋጤ ነበር።

«አሁን እንዴት እንደሚለቀቅ ልንገርሽ» አሏት አባ መስመር። «ጠንክረሽ የምትይዢው በቀጥታው ላይ ነው። ስትለቂ ደግሞ የተኛ ሕፃን አልጋ ላይ እንደሚያስቀምጥ ሰው ቀስ ብለሽ ነው። ከዚያ በኋላ እመኛት።» ያን ቀን ከሰዓት በኋላ «ጉልበት»ን ሃያ ጊዜ ዞረችው። ሃያውንም ቆጥሬያለሁ፤ አስራ ሰባተኛው ላይ መኪናዬ እንዲህ መታጠፍ እንደምትችል ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ። ስድስት ዓመት ስነዳት አላወቅኋትም ነበር።

ሦስተኛው የመም ቀን ሲደርስ ባለቤቱ ከሰጣት ሦስት ወር የቀረው አንድ ወር አይሞላም። አባ መስመር በሩን ከፍተው ሊገቡ ሲሉ እታለም ክንዳቸውን ያዘች።

«ዛሬ ብቻዬን ልሂድ?»

አዩዋት። «እኔም ሻይዬን ትኩስ እያለ ልጠጣ» አሉና በሩን ዘጉት።

እህቴ ብቻዋን መኪና ውስጥ ሆና ስትንቀሳቀስ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ይሄ መጀመሪያዋ ነው። ጎኗ የሚቀመጥ የለም፣ የምትጠብቀው የለም፣ የሚጠብቃት የለም። አጥሩን በሁለት እጄ ይዤ ቆምኩ። የመጀመሪያውን ዙር ጎማ እያሞቀች በቀስታ ዞረች። በሁለተኛው ሞተሬ ሲዘፍን ሰማሁት። በሦስተኛው ረጅሙ ቀጥታ ላይ ስትመጣ የጥርስ ሐኪሙ ቀይ መኪና ከፊቷ ነበር። ለኩርባው መቶ ሃምሳ ሜትር ይቀራል የሚለውን ሰሌዳ አለፈች፤ የፍሬን መብራቷ አልበራም። መቶ ሃያ ግድም ላይ በራ፤ ጠንክራ ያዘች፣ አፍንጫዋ ጎንበስ አለ፣ ከዚያ ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ ብላ ለቀቀች። ሰማያዊዋ የውስጡን ዳር ነክታ በአንድ ትንፋሽ ወጣች። ሐኪሙ ከኩርባው ሲወጣ ስፖኪዮው ውስጥ አያት መሰለኝ፤ የቀኝ ፍሬቻውን አበራላት።

አለፈችው። ስታልፈው እጇን አንስታ አመሰገነችው። አባ መስመር የሻይ ብርጭቋቸውን አጥሩ ላይ አስቀመጡና «መስመሯን ያዘች» አሉ። ዘጠኝ ዙር ሄደች። ስትመለስ ሄልሜቷን አወለቀች፤ ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል፣ ፊቷ እንደ ልጅነቷ ሆኗል። የጥርስ ሐኪሙ መጥቶ እጇን ሲጨብጣት እሷ የምታየው እኔን ነበር።

«ቁልፉን አልሰጥህም» አለችኝ። «ወደ ቤት የምነዳው እኔ ነኝ።»

ነዳች። የቀለበት መንገዱ ላይ ከሁለት ከባድ መኪና መሃል ስትገባ እግሬ ሳላዘው ወለሉን ረገጠ። «እግርህን ሰብስብ» አለችኝ፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል።

ቀሪው ሥራዋ ከመሙ የከበደ ነበር። ራሷን ማመን ተምራለች፤ አሁን ሰው ማመን አለባት። ከተማሪዎቿ ሁሉ ያስቸገረቻት አንዲት አዋላጅ ነርስ ናት። ሁሉም «ሲስተር» ይላታል። የሰፈሩን ግማሽ ልጅ ያዋለደች፣ እጇ የማይንቀጠቀጥ ሴት፣ መሪ ስትይዝ ግን ትርበደበዳለች። ክሊኒኩ መኪና ሰጥቷት ሰባት ወር ቆሞ አቧራ ይጠጣል፤ አራት ጊዜ ተፈትና አራቴም የመቆሚያው መስመር ላይ ወድቃለች።

አንድ ረቡዕ እታለም የኋላ ጎማ ድምፅ አለው ብላ ጠራችኝና የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሲስተር ትነዳለች። ቁልቁለቱን ወርደን መስቀለኛው መንገድ ደረስን። ከቀኝ ጠጠር የጫነ መኪና ይመጣል። እታለም ቀኝ እግሯን ጫማዋን አውልቃ ከፔዳሉ ስንዝር አርቃ ወለሉ ላይ አሳርፋዋለች። ጣቶቿ ሲኮማተሩ አየሁ።

«ዓይንሽ የት ነው?» አለቻት።

«መስመሩ ላይ።»

«እግርሽስ?»

«ፍሬን ላይ፤ ቲቸር፣ እንዳትለቂኝ።»

«በይ እንግዲህ፣ ያንቺ ነው።»

እታለም ሁለት እጇን ከጭኗ ስር ከተተች። መስመሩ ቀረበ። እኔ የፊቱን ወንበር ጨበጥኩ፤ ልጮህ ነበር፤ ምላሴን ነከስኩ። የእታለም እግር አልተነሳም። መኪናዋ ጎንበስ አለችና ከመስመሩ አንድ ክንድ ሲቀራት ቆመች፤ ጠጠር የጫነው ከፊታችን እያጓራ አለፈ። ሲስተር መሪውን እንደያዘች ወደ እታለም ዞረች።

«አንቺ ነሽ ያቆምሽው?»

እታለም ባዶ እግሯን ብድግ አድርጋ አሳየቻት። «እኔ እጄ ላይ ተቀምጫለሁ።»

«እኔ ነኝ?»

«አንቺ ነሽ።»

ከኋላችን ያለው ታክሲ ጥሩንባ ነፋብን። ማንም አልሰማውም። ሲስተር ከንፈሯን ነክሳ እንባዋን ስትመልስ፣ እታለም በመስኮቱ በኩል ወደ ውጪ ስታይ፣ እኔም የሌለ የጎማ ድምፅ የማዳምጥ መስዬ ወደ ወለሉ አጎነበስኩ። ጎማው ምንም አልነበረውም። ያስጠራችኝ ለምን እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ፤ ካቃታት የሚያይላት፣ ከቻለችም የሚያይላት ሰው ፈልጋ ነው።

በወሩ መጨረሻ እታለም ዘጠኝ ተማሪ ለፈተና አቀረበች። ስምንቱ አለፉ፤ ሲስተር ከነሱ አንዷ ናት። የወደቀውም መስመሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ የጣለው ፓርኪንጉ ነው። የማሰልጠኛው ባለቤት ይቅርታ የሚባል ነገር አያውቅም፤ በሳምንቱ ግን የገዛ ልጁን ለእታለም ላከላት። መስኮቱ ላይ ፎርም የሚያድለውም እንደ በፊቱ ሌላ ሰው ነው። ሲስተር አሁን የክሊኒኩን መኪና ራሷ ትነዳለች። ጋራዤ ጋ ስታልፍ ጥሩንባ ትነፋልኛለች።

እታለም አሁንም በወር አንድ ቅዳሜ ወደ መሙ ትሄዳለች። እኔን ማስከተሏን ትታለች፤ መኪናዬን ግን ትወስዳለች።

ባለፈው ሳምንት የማሰልጠኛ መኪናዋን ለዘይት አመጣችልኝ። ከዓመት በላይ የፍሬን ሸራ አላስቀየረችም። ልማድ ሆኖብኝ በእሷ በኩል ጎንበስ ብዬ ፔዳሉን አየሁት፤ አቧራ ለብሷል፤ በጣቴ ብነካው አሻራዬ ቀረበት። ዞሬ በተማሪው በኩል አየሁ። ላስቲኩ አልቋል። ሸንተረሩ የለ፣ ጫፉ ተቀዷል፣ መሃሉ ላይ ብረቱ ያበራል።

መደርደሪያው ላይ ያለችውን የብስኩት ቆርቆሮ አወረድኩ። ከሰባቱ አንዱን አውጥቼ ማሸጊያውን ቀደድኩና ገጠምኩት።